አንዴ ብቻ የጠየቀኝ ሰውዬ

ሰው ቤት ሲኬድ ምን እንደሚባል እናቴ ያስተማረችኝ ገና የጫማዬን ክር ማሰር ሳልችል ነው። ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ "አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት" ይባላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ይባላል። ሦስተኛ ላይ የቤቱ እመቤት "በሞቴ!" ስትል፣ እንደ መሸነፍ ብሎ፣ አንገትን ሰበር አድርጎ መቅረብ ነው። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ "እሺ" ብሎ ዘው ያለ ልጅ ቤቱ ሲመለስ ይቆነጠጣል። እኔ ሁለት ጊዜ ተቆንጥጫለሁ፤ ሁለቱም በአንዲት ጎረቤታችን ድፎ ዳቦ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ገባኝ፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ገባኝ። ወደ አሜሪካ ስንመጣ ሻንጣዎቻችን ኪሎ በዝቶባቸው ግማሹን ዕቃ ኤርፖርት ላይ አውጥተን ለሸኚዎች መልሰናል። ይቺ ትምህርት ግን ማንም ሳይመዝናት ሲያትል ገባች።

ዲቪ የደረሰው ለአባቴ ነው። አዲስ አበባ እያለን የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ የትምህርት ቤታችንን የእጅ ኳስ ቡድንም የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ቤት ውስጥ "አባዬ" የምለውን ሰው ሜዳ ላይ "ቲቸር" እለው ነበር። ተሳስቼ "አባዬ" ካልኩ ሜዳውን ሦስት ዙር እሮጣለሁ። ክንዴን የሠራው እሱ ነው። "ውርወራ የእጅ ሥራ አይደለም" ይለን ነበር። "ከእግር ይነሣል፣ ወገብ ያዞረዋል፣ እጅ መልእክተኛ ነው።" ይህን ሲል ወገቡን ይዞ ስለሚሽከረከር ልጆቹ ይስቃሉ። እሱ ግን በወገብ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም።

ሲያትል ዳር ያለችው ቡሪየን ስንገባ እኔ አሥራ አምስት፣ ታላቅ እህቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የተከራየነው አፓርታማ ለኤርፖርቱ በጣም ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ይዘው ሊሄዱ ምንም አይቀራቸውም። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ባለፉ ቁጥር ታማትብ ነበር፤ ኋላ እጇን ሥራ ሲያስፈታት ተወችው። እሷ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ሥራ አገኘች። አባቴ ደግሞ ኤርፖርቱ ውስጥ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር የሚገፋ ሠራተኛ ሆነ። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሰደርያ ሰጡት። የሚያሠለጥነው ሰው ስላልነበረ እራት ላይ የእኔንና የእህቴን አቀማመጥ ያርም ጀመር።

በሁለተኛው ወራችን እኔና እህቴ የትምህርት ቤቱን ሜዳ አጥር ተደግፈን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ አንዲት ነጭ ኳስ አጥሩን ዘላ እግሬ ሥር ወደቀች። አነሣኋት። ከእጅ ኳስ ጋር ስትነጻጸር ሎሚ ታህላለች። ሜዳው መሐል ጓንት ያጠለቀ ልጅ እጁን ሲያውለበልብልኝ ወገቤን አዞርኩና ለቀቅኳት። ኳሷ በልጁ ራስ ላይ አለፈች፣ ከጀርባው በቆመው ልጅ ራስ ላይም አለፈች፣ ሄዳ ሄዳ ማዶ ያሉትን የብረት ወንበሮች ገጨች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። የሆነ ነገር የሰበርኩ መስሎኝ ልሮጥ ስል እህቴ በቦርሳዬ ማንገቻ ያዘችኝ።

ሆዱ ቀደም ያለ አሠልጣኝ እያለከለከ አጥሩ ጋ ደረሰ። "ልጅ፣ ቤዝቦል መጫወት ትፈልጋለህ?" አለኝ።

ቤዝቦል ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን ኳስ አለው፣ ሜዳ አለው፣ ዩኒፎርም አለው። ደግሞም ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ትምህርት ቤት ራሱ ፈልጎ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። በጣም ፈለግኩ። ስለዚህ እንደ ጨዋ ልጅ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኩት።

"ኦኬ" ብሎ ዞሮ ሄደ።

እኔ ቆሜ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ሰውዬው ግን እየራቀ ሄደ። እህቴ ፊቴን ቀና ብላ አየችና፣ አፏን ወደ አጥሩ ሽቦ አስጠግታ፣ በዚያች በሁለት ወር እንግሊዝኛዋ "ሚስተር! ሂ ሚን የስ!" ብላ ጮኸች።

ቤዝቦል ተጫዋች የሆንኩት እንዲህ በእህቴ አስተርጓሚነት ነው።

ጨዋታውን ለቤተሰቡ ማስረዳት ከመጫወቱ ይከብድ ነበር። "አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፣ ከመታት ይሮጣል" አልኳቸው።

"ሌሎቹስ?" አለ አባቴ።

"ይቆማሉ።"

"እስከ መቼ?"

"ኳሷ እስክትመጣላቸው።"

አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። "ይሄ ስፖርት አይደለም፤ ወረፋ ነው" አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታዬን ሊያይ ሲመጣ ከሥራ በቀጥታ ከነሰደርያው ነው የመጣው። ኪሱ ሙሉ ቆሎ ነበረው። ተጫዋቾቹም አሠልጣኙም የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ገለባውን ሲተፉ ሲያይ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ኳስ በተመታች ቁጥር፣ ማንም ይምታት ማን፣ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ከፊቱ የተቀመጠች የተቃራኒው ቡድን እናት በጣም ወደደችው፤ ቆሎም አካፈላት። መጨረሻ ላይ እኔ ገብቼ ስወረውር ሦስት መቺዎች አንድም ኳሴን ሳይነኩ ወጡ። ያን ጊዜ ግን አላጨበጨበም። እጁን አጣጥፎ ዝም ብሎ አየኝ። በመኪና ተመልሰን ቤታችን በር ላይ ፓርክ ሲያደርግ "ወገብህ ዘገየ" አለኝ። ያን ጊዜ በጨዋታው ፍቅር እንደተያዘ አወቅኩ።

በሳምንቱ ከአሮጌ ዕቃ መደብር የኳስ ተቀባይ ትልቅ ጓንት ገዝቶ መጣ። ቁጢጥ ማለት ጉልበቱ ስለማይችል ባዶ የቀለም ባልዲ ፈልጎ ደፋውና ተቀመጠበት። ከአፓርታማው ጀርባ ያለው መኪና ማቆሚያ ልምምድ ቦታችን ሆነ። እሱ ባልዲው ላይ፣ እኔ ማዶ። የወረወርኳትን ሁሉ በአማርኛ በደብተር ይጽፋታል፦ "ጥሩ"፣ "ወገብ"፣ "ምን እያሰብክ ነው"። አሠልጣኛችን ደብተሩን አንድ ቀን ተቀብሎ ብዙ ካገላበጠ በኋላ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ በአክብሮት መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ስለ ክንዴ የሚያሳስበው ነገር ሲኖር አባቴን ነው የሚጠይቀው፤ እኔ መሐል ሆኜ ስለ ራሴ አስተረጉማለሁ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ "ሁለቱም ልጆቼ እራት ቀርቧል!" ትለናለች። የአባቴ መዳፍ ሁልጊዜ ያበጠ ነበር፣ ሁልጊዜም ደስተኛ ነበር። እኔም መኪና ማቆሚያው ላይ ሳይነግረኝ እንደገና "ቲቸር" እለው ጀመር።

ሃይስኩል ጨርሼ ኮሌጅ ስገባ እዚያም ወርዋሪ ሆንኩ። ያን ጊዜ ሕልሙ ስም ነበረው፤ ፕሮፌሽናል መሆን። ፈለግኩ ማለት ያንሳል። ጠዋት ስነሣ እጄን ነው መጀመሪያ የማየው፣ በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ። ለሌላ ሰው ግን አልናገርም። ምኞትን አደባባይ ማውጣት ነውር ይመስለኝ ነበር። የሚያውቁት አባቴ፣ እህቴና ባልዲው ብቻ ናቸው።

ሃያ ዓመት ሲሆነኝ አንድ የፕሮፌሽናል ቡድን መልማይ ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ከማውንትሌክ ቴራስ ወዲያ ባለ ሜዳ ላይ ልጆች ሊፈትን እንደሚመጣ የኮሌጅ አሠልጣኜ ነገረኝ። "ዕድሜህ እየሄደ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በየጊዜው አይመጣም" አለኝ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አባቴ ከጓደኛው ጋር ሺፍት ተቀያይሮ እስከ ከሰዓት አስፈቀደ፤ ከሜዳው በቀጥታ ወደ ሥራ ለመሄድ ሰደርያውን ለብሶ ወጣ። ባልዲውና ጓንቱ እንደ ወትሮው ከመኪናው ኋላ ነበሩ።

ያቺ ሲያትል ዝናብ ብላ የምትጠራት፣ እኛ ግን ጤዛ የምንላት ነገር ትወርዳለች። መልማዩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው። በአንድ እጁ ፍጥነት የሚለካበት መሣሪያ፣ በሌላው ወረቀት የታሰረበት ሰሌዳ ይዟል። እያንዳንዳችን አሥር አሥር ኳስ እንወረውራለን። ከወደደን ደግሞ መቺ ፊት ቆመን ሁለተኛ እንድንወረውር ይጠይቀናል። ሁሉም ነገር ያለው እዚያች ሁለተኛዋ ላይ ነው። በባዶ ሜዳ ማንም ይወረውራል፤ ዱላ የያዘ ሰው ፊት ነው ወርዋሪ የሚለየው።

ተራዬ ደረሰ። አባቴ ከአጥሩ ጀርባ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ እንዳልረሳው ማለቱ ነው። አልረሳሁትም። አሥሩም ኳሶች እንዳሰብኳቸው ሄዱ። አምስተኛዋ ላይ መልማዩ መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መሣሪያውን አየ። ስጨርስ ወደኔ መጣ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ነበር።

"መቺ ፊት መወርወር ትፈልጋለህ?" አለኝ።

አምስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት ጥያቄ ናት። እጄ ግን ከልቤ ቀድማ ደረቴ ላይ ወጣች፣ አንገቴም ሰበር አለ። "ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ኦኬ፣ ታንክ ዩ" አልኩት። "ሌሎቹም ልጆች ይወርውሩ።"

እንግዲህ ይቺ የመጀመሪያዋ "አይ" ናት። ከአፌ ስትወጣ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች እንደሚከተሏት ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርኩም።

"ኦኬ" አለና ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጭሮ ወደ ቀጣዩ ልጅ ሄደ። ቀይ ጸጉር ያለው ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ "የስ ሰር!" ብሎ ወርዋሪ የሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጣ። ምን ዓይነት ያልተቀጣ ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቀስ ብዬ ወደ ወንበሩ ሄድኩ። መልማዩ አጠገብ ደርሼ ጎንበስ አልኩና የጫማዬን ክር ፈትቼ አሰርኩ። አልጠየቀኝም። ሌላኛውን ጫማ ፈትቼ አሰርኩ። ውሃ ለመጠጣት በፊቱ አለፍኩ፤ ውሃውን ጠጥቼ በፊቱ ተመለስኩ። "ዝናቡ አየለ" አለኝ፣ ያለኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ሁሉም ልጆች ጨርሰው መቺዎቹ ዱላቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ እኔም ጓንቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መኪና ውስጥ አባቴ ገና ሞተር ሳያስነሣ "እሺ፣ ምን አለህ?" አለኝ።

"መቺ ፊት ትወረውራለህ ወይ አለኝ።"

"እህስ?"

"አይ፣ ይበቃኛል አልኩት።"

አባቴ ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። "ደግ። ሁለተኛ ሲጠይቅህስ?"

"አልጠየቀኝም።"

መንገድ ገባን። የዝናብ መጥረጊያው ከወዲያ ወዲህ ሲል ብዙ ጊዜ ሰማሁት።

"ጭራሽ?" አለ አባቴ።

"ጭራሽ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው! አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚሄድ ሰው!"

እህቴ ያን ጊዜ ነርሲንግ እየተማረች ማውንት ቤከር የሚባል የሲያትል ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከጓደኞቿ ጋር ትኖር ነበር። ውጤቱን ለመስማት ስልኳን ታቅፋ እንደተቀመጠች ስለማውቅ ኮል አደረግኳትና ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ሶ፣ እንዴት ሆነ?" አለች።

ነገርኳት።

"ኖ አልከው? ሊተራሊ ኖ አልከው?"

"በትህትና ነው ያልኩት።"

"ኦ ማይ ጋድ! እነሱ ዘንድ ኖ ማለት ኖ ነው! አጥሩ ጋ ያስተማርኩህ አይበቃም?"

"አትጩኺበት" አለ አባቴ። "ልጁ በሥርዓት ነው የመለሰው።"

"አባዬ፣ ሰውዬው ሥርዓቱን አያውቀውማ! ሥርዓቱን እኮ እዚህ አገር የምናውቀው እኛው ብቻ ነን! ፕሊስ፣ ተርን አድርጉና ተመለሱ። አሁኑኑ!" ብላ ዘጋችው።

ለራሴ ማዘን ጀመርኩ። ሃያ ዓመቴ ነው፤ ክንዴ ደህና ነው፤ ሕልሜን የገደለው አንገቴ ነው። ተመልሶ "ያኔ አይ ያልኩት እሺ ለማለት ነው" ብሎ ሰው ፊት መቆም ደግሞ ከሞት የማይሻል መሰለኝ። "ይቅር አባዬ፣ ሥራህ ይረፍድብሃል" አልኩት።

አባቴ መንገዱን እያየ "እኔንም አንዴ ነው የጠየቁኝ" አለ።

"ማን?"

"አለቃዬ። የፈረቃ ኃላፊ ትሆናለህ ወይ አለኝ። አይ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሌሎች ልጆች አሉ አልኩት። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ እሺ ልል ነው እንግዲህ።"

"መቼ ነው?"

"ሁለት ዓመት አለፈው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እየጠበቅኩ ነው" አለ።

ሁለት ዓመት። በየቀኑ ከነሰደርያው ወጥቶ፣ ወንበር ገፍቶ፣ መዳፉን እኔ ላይ አሳብጦ፣ ይቺን ለእናቴም ሳይነግር ሆዱ ውስጥ ይዞ። አለቃው በመተላለፊያው ባለፈ ቁጥር፣ እኔ መልማዩ ፊት እንዳደረግኩት፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ታየኝ። ለራሴ ያዘንኩት ሁሉ ወደሱ ዞረ። እሱ የማውንትሌክ ቴራስ መውጫ ሲደርስ ፍሬቻ አሳየና ወጣ፤ ዞሮ ወደ ሰሜን ተመለሰ።

ስንደርስ ልጆቹም መቺዎቹም ሄደዋል። መልማዩ ብቻውን ዕቃውን መኪናው ውስጥ ይጭናል። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ቀረበ። ደህንነቱን ጠየቀው፣ ቤተሰቡን ጠየቀው፣ ዝናቡ እንዴት አድርጎታል ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ግራ እየገባው ለሁሉም መለሰ። ከዚያ አባቴ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ "ፕሊስ፣ አስክ ሂም አጌን" አለው።

"ምን ብዬ ልጠይቀው?"

"ዘ ሴም ቲንግ።"

ሰውዬው አየኝ። መሬት ብትከፈት ዘልዬ ነበር የምገባው። "እኛ ዘንድ" አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ዓይኔን ጫማው ላይ ተክዬ፣ "የመጀመሪያዋ አይ አይ አይደለችም። ሁለተኛዋም አይደለችም። እሺ የሚባለው ሦስተኛ ላይ ነው።"

መልማዩ ጢሙን አሻሸ። "እኔ ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ?"

"አንድ።"

"ሁለት ይቀረኛል ማለት ነው።"

"አዎ።"

ሰዓቱን አየ፣ ባዶውን ሜዳ አየ። "መቺ የለኝም። ተቀባይም የለኝም" አለ። አባቴ "ተቀባይ" የምትለዋን እንደሰማ የመኪናችንን ኋላ ከፍቷል። ባልዲውን በአንድ እጁ፣ ጓንቱን በሌላው ይዞ፣ በጭቃው መሐል እየተራመደ ሄዶ ባልዲውን ደፋና ከነሚያብረቀርቀው ሰደርያው ተቀመጠ። መልማዩ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከመኪናው አንድ ዱላና መሣሪያውን አወጣ። መሣሪያውን የመኪናው ኮፈን ላይ ደግፎ አቆመና ዱላውን ይዞ ራሱ ከአባቴ ፊት ለፊት መቺው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመ።

"አልመታም፣ ቆሜ ብቻ ነው የማየው" አለ። "እና፣ መቺ ፊት መወር—"

"የስ!" አልኩ።

የመጀመሪያዋ ኳስ በሁለቱም ራስ ላይ አልፋ አጥሩን መታች። መልማዩ ጎንበስ አለ። አባቴ ከባልዲው ሳይነሣ በአማርኛ "ወገብ!" ብሎ ጮኸ።

"እሺ፣ ቲቸር!" አልኩ።

ሁለተኛዋ ጓንቱ ውስጥ ጧ ብላ ገባች። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም። መልማዩ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲቆይ ሲቆይ፣ አንዷ ላይ ሳያስበው ሊመታት ሰነዘረና ሳታት። ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ኳሷን መለሰልኝና መዳፉን ሰደርያው ላይ ጠረገ።

በመጨረሻ መልማዩ ዱላውን መሬት ላይ አስደግፎ እንዲህ አለኝ፦ "ፈጣኗ ኳስህ እውነተኛ ናት። መቺው ጋ ስትደርስ የምትታጠፈዋ ገና ናት፤ እሷ ካልመጣች ሩቅ አትሄድም። አሪዞና የመጨረሻው ዝቅተኛ ቡድን አለን። ሙቀት ነው፣ ብዙዎቹ ቶሎ ይመለሳሉ። ለበላዮቼ ስምህን እሰጣለሁ። ከተቀበሉህ ትመጣለህ?"

እመኑኝ፣ ያን ሁሉ አይቼ እንኳን፣ ያቺ "ኖ፣ ኖ" አሁንም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ከኋላ፣ ከባልዲው ላይ፣ የአባቴ ድምፅ ሜዳውን ሞላው።

"እሺ በል! እሺ በል ልጄ፣ አንዴ ነው የሚጠይቁት!"

እሺ አልኩ።

ተቀበሉኝ። አሪዞና ሁለት በጋ ወረወርኩ። ስሜ ጀርባዬ ላይ ተጽፎ፣ ለወረወርኩበት ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ ከአሥር አገር ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እየሳቅኩ። ፈጣኗ ኳስ እስከ መጨረሻው ታማኝ ነበረች። የምትታጠፈዋ ግን እምቢ አለች። በሁለተኛው በጋ ማለቂያ ቢሮ ጠርተው በጨዋ አነጋገር አመስግነው አሰናበቱኝ። ክፉኛ ከፋኝ፤ ማንም እንዳያየኝ ሻወር ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ነገር ግን ሳልጠየቅ የቀረሁት ወይም ሳልመልስ የቀረሁት ነገር አልነበረም። ተጠይቄ፣ እሺ ብዬ፣ ያለኝን ሁሉ ወርውሬ ነው የተመለስኩት።

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል በእኛ አፓርታማ ላይ አለፈ። በመስኮቱ መኪና ማቆሚያችንን አየሁት፤ ጠባብ ነበር።

ስወርድ በሩ ላይ አባቴ ቆሟል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ አለቃው ቢሮ ገብቶ "ከሁለት ዓመት በፊት ለጠየቅከኝ ጥያቄ መልሴ እሺ ነው" ብሎት ነበር። አለቃው ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ስለነበር ሳቀና ስሙን ጻፈ፤ ቦታው ሲለቀቅ ጠራው። ስለዚህ ሰደርያው ብርቱካናማ ሆኗል፣ ዊልቸር መግፋት ካቆመም ዓመት አልፎታል። ያን ቀን ግን ከፊቱ አንድ ባዶ ዊልቸር ነበር።

"ቁጭ በል" አለኝ።

"አይ አባዬ፣ ደህና ነኝ። እግሬ ምን ሆነ?"

"ቁጭ በል እንጂ።"

"ኧረ ሰው ያየናል።"

ወንበሩን ጉልበቴ ድረስ አስጠግቶ ፍሬኑን ያዘው። ባልዲው ላይ ሆኖ ኳስ ሲጠብቅ የማውቀው ፊት ነው።

"በሞቴ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና በዚያ ረጅም መተላለፊያ ይገፋኝ ጀመር። ከኋላዬ ስለሆነ ፊቴን አላየውም፣ እኔም የሱን አላየሁም። መኪናው እስክንደርስ ድረስ አንዴም ቆሞ አላረፈም።